የአንድ ሰው ላም

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ሥራዬ ይህ ይባል እንጂ ሰው የሚመጣብኝ ለሌላ ነው። «እስቲ ከኢንተርኔት ላይ ፈልግልኝ» ይለኛል። የፈተና ውጤት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የወገብ ሕመም፣ የዶሮ በሽታ፣ ያላስፈለጉኝ ነገር የለም። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ እንኳ መምጣታቸውን አልተዉም ነበር። እኔ ጋ ያለው ሌላ ኢንተርኔት ይመስላቸዋል መሰለኝ።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው የሚፈልገውን ሲነግርህ ግማሹን እንደሚደብቅህ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው፤ «ለአንድ ሰው ነው» ብሎ ይጀምራል። አንድ ጎልማሳ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መጣና «አንድ ሰው ፊቱን እያሳከከው ተቸግሯል» አለኝ። ይህን ሲለኝ በጋቢው ሥር ጉንጩን ያክ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቀው «እኔ ምን አውቄለት» አለ። ምን ተቀብቶ እንደነበር ስጠይቀው ተቆጣኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልፈልግለት?

ሰው የኮምፒዩተሩን መፈለጊያ እንደ አገር ሽማግሌ ነው የሚጠይቀው። ዙሪያውን ይዞራል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ሹክ ይላል ወይም ጨርሶ ይውጠዋል። በእኛ አገር ጨዋነት ይኸው ነው። ነገሩን በቀጥታ የሚያፈርጥ ሰው ያልተገራ ይባላል። ማሽኑ ግን ጨዋነት አያውቅም፣ የሚያውቀው የጻፍክለትን ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ሰላምታውንና ሐተታውን ሁሉ እጥልና ፍሬ ቃሉን ብቻ አስቀራለሁ። በ«ሀ»ም በ«ሐ»ም ጽፌ እሞክራለሁ። በአማርኛ ያልተገኘውን ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። ከላይ ከላይ የሚደረደሩት አብዛኛውን ጊዜ የከፈሉ ነጋዴዎች ስለሆኑ እዘላቸዋለሁ። ቀጥሎ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ምን ሊሸጥልኝ ነው እላለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የዚህን ሰው ችግር ከሌላው ሰው ችግር የምትለየውን አንዲት ምልክት ነው የማድነው። ሰው የሚደብቀው ደግሞ ሁልጊዜ እሷኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ደንበኛ ተቆጥቼ አባርሬአለሁ።

ጥርጣሬው ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ ደምበጫ ውስጥ ሸማኔ ነበር። የጨረሰውን ነጠላ ወደ ብርሃን ዘርግቶ የሳተ ክር ሳይፈልግ አያጥፈውም። በዕድሜው መጨረሻ ዓይኑ ደክሞ እንኳ፣ እኔ ያገባሁ ጊዜ፣ ለባለቤቴ እናት ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ በእጁ ሠርቶ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልሠራም። እኔም የመጣልኝን መልስ ሁሉ ወደ ብርሃን ዘርግቼ ነው የማየው፤ ሰውንም እንዲሁ።

የባለቤቴ ወላጆች ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ እንዲያውም ጨዋነታቸው ይበዛል። ቤታቸው ስሄድ አባትየው ከመደቡ ተነሥተው ቦታቸውን ይለቁልኛል፣ እናትየው ካልበላህ ብለው ይለምኑኛል። ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። ስለ ከብቶቻቸው ጠይቄ ቀጥተኛ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ላሟ ትታለባለች ወይ ስላቸው «ተመስገን፣ አለች እንግዲህ» ይሉኛል። ወለደች ወይ ስላቸው ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል። በረቱ ወዳለበት ልራመድ ስል አንዱ ተነሥቶ በሌላ ነገር ይጠራኛል። ባለቤቴም ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ጓዳ ትገባለች። ቅቤውና አይቡ ግን ሳይቋረጥ ቤታችን ይመጣል። እኔም በልቤ «እነዚህ ሰዎች ሀብታቸውን የሚደብቁኝ ነገ ከነገ ወዲያ ድርሻ እንዳልጠይቅ ነው» እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ። ተጠራጣሪ ነኝ ብያለሁ፣ ልክ ነኝ አላልኩም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ሱቄን ከፍቼ ብዙም ሳልቆይ፣ የባለቤቴ አባት ደወሉልኝ። ለእኔ ደውለው አያውቁም ማለት ይቻላል። ደኅና አደርክ፣ ደኅና አደሩ፣ ቤት ደኅና፣ አገር ደኅና ተባብለን ስንጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ነበር ልጄ» አሉ። «የአንድ ሰው ላም ተኝታ መነሣት እምቢ አለች። ያ ነገርህ ምን ይላል?»

የማን ላም እንደሆነች ጠየቅኳቸው። የሰው ናት አሉ። የሐበሻ ናት ወይስ የፈረንጅ አልኳቸው፤ ዲቃላ ትመስላለች አሉ። ምን በላች፣ ወድቃ ነበር ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ፣ የሰው ላም» የሚለው ብቻ ነበር መልሳቸው። ያ ጋቢ የተከናነበው ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ እሳቸውን ግን መቆጣት አይቻልም። እስቲ ልየው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

«ላም ተኝታ አልነሣ አለች» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ የመኖ ሻጭ ነው። ቀጥሎ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የሚጮኽበት ቪዲዮ መጣ። ዘይትና ሌላ ነገር በጠርሙስ ቀላቅሎ ላሚቱን አንገቷን ቀና አድርጎ ይግታታል፣ «በደቂቃ ትነሣለች» ይላል። ብዙ ሰው አይቶታል፣ ብዙ ሰው መርቆታል። እኔ ግን ከምርቃቱ ይልቅ ታች ታቹን ማንበብ ልማዴ ነው። ከሥር፣ ማንም ካልመለሰለት ቦታ፣ አንዱ «የኔዋ ሞተች» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ወደ እንግሊዝኛው ስዞር ደግሞ የተሰበረ እግር፣ የተዋጠ ላስቲክ፣ መርዛማ ቅጠል፣ ረኃብ፣ የጀርባ ሕመም፣ ሁሉም በየገጹ ተደርድሯል። ይህን ሁሉ መልስ ካገኘህ መልስ አላገኘህም ማለት ነው።

መልሼ ደወልኩ። አባትየው አንስተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ከኋላ የእናትየው ድምፅ ተሰማኝ።

«ኧረ ጆሮዋ በረዶ ሆነ! አንገቷን አጥፋ ጎኗ ላይ ጣለችው እኮ።»

ድምፃቸው ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር። ሰው ለሰው ላም እንዲህ አያለቅስም። ሌላ ወንድ ደግሞ ዘይቱን አምጡና እንጋታት ይላል። ያ ቪዲዮ እዚያም ደርሷል ማለት ነው። «አባቴ፣ እስክደውል ምንም እንዳትግቷት» ብዬ ዘጋሁና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ።

አሁን የጎደለችኝን ምልክት አግኝቻለሁ። የቀዘቀዘ ጆሮ፣ ጎን ላይ የታጠፈ አንገት፣ መነሣት ያቃታት ላም ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ወዲያው የገጹ መልክ ተለወጠ። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ሰዎች የጻፉት ጽሑፍ ከላይ መጣ። አላመንኩትም፤ ሌላ ከፈትኩ፣ ሌላም ከፈትኩ። አገራቸው የተለያየ ነው፣ አንዱ ከሌላው የገለበጠ አይመስልም፣ የሚሸጡትም ነገር የላቸውም። ሁሉም ግን በአንድ ቃል ይጀምራሉ፤ በቅርቡ የወለደች ላም ይላሉ። ወተቷ የሚበዛ ላም ስትወልድ በደሟ ያለው ካልሲየም ወደ ወተቱ ይሄድባታል፣ ሰውነቷ ይዝላል፣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። ሐኪም መድኃኒቱን በደም ሥሯ ቀስ እያለ ከሰጣት ትነሣለች። ከዘገየ ትሞታለች። በአፏ የሚግቷት ነገር ደግሞ መዋጥ ስለማትችል ወደ ሳንባዋ ይገባና ይገድላታል።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። አባትየውን ከማፋጠጤ በፊት ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። አስተማሪ ናት፣ ክፍል ልትገባ ስትል አገኘኋት። የእናንተ ላም ወልዳለች እንዴ አልኳት። «እኔ እንጃ፣ ምንም አልነገሩኝም» አለች። ባለቤቴ ስትዋሽ ቃሏ ይፈጥናል። ጊዜ ስላልነበረኝ በልቤ ይዤው ወደ አባትየው ደወልኩ።

«አባቴ፣ ላሟ ወልዳለች?»

ዝም አሉ።

«የማንም ላም ትሁን። ከወለደች መድኃኒት አላት፣ ካልወለደች እኔ የማውቀው ነገር የለም። ይንገሩኝ።»

«እሱ ደግሞ ለምን አስፈለገህ ልጄ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ መለመን አለ።

«መድኃኒቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝና እናትየው መጡ።

«ወልዳለች» አሉ። «ከትናንት ወዲያ ወልዳለች። የኛው ናት። ምን እናድርግ?»

ያቺ ላም ለእሳቸው ምን እንደሆነች ከባለቤቴ ሰምቼ አውቃለሁ። ከጥጃነቷ በእጃቸው ያሳደጓት፣ በሬ ተሸጦ የተገዛች፣ የቤቱ ጉሮሮ እሷ ናት። የዘይቱን ጠርሙስ እንዲያስቀምጡት፣ በጎኗ እንዳትዘረጋ በደረቷ ደግፈው እንዲያስቀምጧት ነገርኳቸው። ቡሬ ለሚሠራ፣ እኔና ባለቤቴ ለምናውቀው አንድ የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ የጠየቀኝ «ወልዳለች?» ብሎ ነው። አዎ ስለው መድኃኒቱን ይዞ በሞተር እንደሚሄድ ነገረኝ።

እኔም ሱቁን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ማንኩሳን ስናልፍ ንዴቴ ጀመረኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያባከንነው ጊዜ ሁሉ በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። ላም ወለደች ማለት ምን ነውር አለው? ከእኔ ይደብቁ፤ ከማሽኑም ይደበቃል? በየደጁ በርበሬው ተሰጥቶ አገሩ ቀልቷል፣ እኔ ግን የማየው ያንን ዝምታ ነበር። ላሟ ብትሞት የገደላት ዝምታችሁ ነው እላቸዋለሁ ብዬ ቃሉን በአፌ እያሰናዳሁ ሄድኩ።

ስደርስ ላሟ ግቢው መሐል በደረቷ ተቀምጣለች። አባትየው የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከፍ አድርገው ይዘዋል፣ ሐኪሙ አጠገቧ ተንበርክኮ አንድ እጁን ልቧ ላይ አድርጎ መድኃኒቱ የሚወርድበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ትንሽ ቆይቶ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አገሳች፣ እበት ጣለች። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ኋላዋን አንስታ ወደቀች፣ ደግማ አንስታ ወደቀች፣ በሦስተኛው ቆመች። አንዲት ጎረቤት እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባትየው በዓይናቸው ገሠጿትና ዝም አለች። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። ያሰናዳሁት ቃልም ከአፌ ጠፋ።

እናትየውን እንኳን ደስ ያለዎት ልበል ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስገባ ዓይኔ ወዲያው አልለመደልኝም። ከጎታው ጥግ፣ ጭድ ላይ፣ እናትየው ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ይደባብሳሉ። ቀና ብለው በር ላይ ሲያዩኝ ደነገጡ። ከትከሻቸው ላይ ነጠላቸውን ገፈው ጥጃዋ ላይ ጣሉባት።

ነጠላው ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

እደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ማሽን ሳያስፈልገኝ ሁሉም መልስ በአንድ ጊዜ መጣልኝ። ወደ ዝናብ የሚዞረው ወሬ፣ ከበረቱ መንገድ የሚመልሱኝ ጥሪዎች፣ የጓዳው ስልክ። በእኛ አገር ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኑ ያረፈበት ጥጃ ይሞታል፣ ወተት ይደርቃል ይላሉ። ልጅ ሆኜ ደምበጫ ገበያ ላይ እናቶች እኔን ሲያዩ የልጃቸውን ፊት ሲሸፍኑ አይቼ አባቴን ጠይቄው ነበር፤ ብርድ ነው አለኝ። አድጌ፣ ተምሬ፣ ኮምፒዩተር ይዤ፣ የሰዉን ሁሉ ምሥጢር እያነበብኩ ነገሩ የቀረ መስሎኝ ነበር። ተናደድኩ። ከመናደዴ ይልቅ ግን አፈርኩ፤ ምን አድርጌ እንደማፍር ግን አላውቅም።

«እማማ» አልኳቸው፤ «ይሄ ነጠላ ያባቴ ሥራ አይደለም?»

እጃቸው ነጠላው ላይ እንዳለ ወደ ጥለቱ አዩ። አሁን ገና የያዙትን ነገር ያዩት መሰለኝ።

«አንተን አይደለም ልጄ» አሉ። «ማርያምን፣ አንተን አይደለም። ሰው የሚለውን ሰምተን እንጂ። እኛ ክፉህን አላየን።»

እሳቸው ነጠላውን ቀስ ብለው ከጥጃዋ ላይ አነሡትና እንደ ሕፃን ልብስ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ና፣ እያት» አሉኝ። «እናቷን ያተረፍካት አንተ። ና እያት እንጂ።»

የልባቸውን እንደተናገሩ አውቃለሁ። እኔም ልሄድ እግሬን አነሣሁ። እዚያ ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። ይህች ጥጃ ገና ትንሽ ናት። ነገ ብርድ ቢመታት፣ ተቅማጥ ቢይዛት፣ ብትሞት፣ ያያት ማን ነበር ይባላል? ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩት። እንትፍ፣ እንትፍ አልኩ፤ አሮጊቶች ከዓይን ይጠብቅሽ ሲሉ እንደሚሉት። ትደግ ብዬ መረቅሁና ወጣሁ። በሕይወቴ የራሴን ዓይን ስፈራ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አባትየው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ በርበሬው ዋጋ አወሩ፤ እኔም አዎ አዎ እያልኩ ሄድኩ። ባጃጁ ሲመጣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ላማችንን አተረፍክልን፣ ዕድሜ ይስጥህ» አሉኝ። ላማችን ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቤት የወጣሁት ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው፤ እሱን ደግሞ በየትኛው ቋንቋ ጽፌ እንደምፈልገው አላውቅም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሐኪሙ አስቀድሞ ደውሎ ነግሯት ኖሮ ፊቷ በርቷል። እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ ውኃ አመጣችልኝ፣ አባቷ ምን እንዳሉ፣ እናቷ ምን ያህል እንዳለቀሱ ጠየቀችኝ። ላሟ እንዴት እንደቆመች ነገርኳት። ስለ ነጠላው አልነገርኳትም። ሳቀች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ጎኔ ተቀመጠች።

«ጥጃዋስ?» አለችኝ። «ትናንት እማዬ ስትነግረኝ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ እንደሷ ቆንጆ አይተን አናውቅም ብላኝ ነበር። እውነት ቆንጆ ናት?»

ተናግራ ሳትጨርስ ያለችውን ሰማችው። እጇ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጠዋት ምንም አልነገሩኝም ያለችኝን እኔም እሷም አስታወስን።

«አላየኋትም» አልኳት።